ጠያቂዋና አጫራቹ

«መጠየቅ» የሚባለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ያላወቁት ነገር ይጠየቃል፤ የታመመ ሰውም ይጠየቃል። መሥሪያ ቤቱ ይህን ልብ ሳይል ሠራተኞቹን «ጠያቂ» የሚል መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥሎ በየሰፈሩ በተናቸው። እሷም አንዷ ናት። በር አንኳኩታ «ጤና ይስጥልኝ፤ ስለ ጤናዎ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» ስትል፣ ሰው ሁሉ በሽተኛ ልትጠይቅ የመጣች የሩቅ ዘመድ እየመሰለችው እጇን ይዞ ወደ ጓዳ ያስገባታል። ስንቱ ቤት አልጋ ዳር ተቀምጣ፣ «እግዜር ይማርዎ» ብላ፣ የቀረበላትን ሻይ ጠጥታ ካበቃች በኋላ ነው ታብሌቷን ከቦርሳዋ የምታወጣው። ያን ጊዜ የባለቤቶቹ ፊት ይለዋወጣል፤ እሷም ትሸማቀቃለች።

የመጣችበት ነገር ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚነገር አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ሰው ለጤናው ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጥ ይለካል። ለሕክምና የተያዘው በጀት ለሁሉም አይበቃም፤ ስለዚህ የትኛው ሕመም ኑሮን ይበልጥ እንደሚያበላሽ ከሐኪም ሳይሆን ከሰው ከራሱ አፍ ይሰማ፣ ነው ነገሩ። ክፋት የለውም። ጉዱ አጠያየቁ ላይ ነው። «አንድ ሰው አለ እንበል፤ ወገቡን ያመዋል፣ ካልደገፉት አይራመድም፣ ልብሱን ብቻውን አይለብስም። እንደዚህ ሆነው አስር ዓመት ቢኖሩ ይሻልዎታል ወይስ ሙሉ ጤና ሆነው ዘጠኝ ዓመት?» ሰውየው ዘጠኙን ከመረጠ ስምንት ትለዋለች። ስምንቱንም ከመረጠ ሰባት። እንዲህ እያለች ትወርዳለች፣ «እዚህ ጋስ እኩል ሆነብኝ» እስኪላት ድረስ። እኩል ያለበት ላይ ጣቷን ታሳርፋለች፤ የዚያ ሕመም ዋጋ ያቺ ቁጥር ናት።

ሥልጠና ላይ ኃላፊው ሁለት ነገር አስጠንቅቋቸዋል። ከመጀመራችሁ በፊት «ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም» በሉ። ሰውየው ምንም ይበል ምን ደግሞ ፊታችሁ አይናገር፤ ግድግዳ አድርጉት። የመጀመሪያው አላስቸገራትም። ሁለተኛው ግን ፈተና ነበር፤ ፊቷ ከእናቷ ማሕፀን ከወጣ ጀምሮ ወሬኛ ነው፣ ሆዷ ያለውን ሁሉ ይዘከዝካል። መስታወት ፊት ቆማ፣ ራሷን በራሷ እየጠየቀች፣ በስንት መከራ ግድግዳ አደረገችው።

አንዲት እማማ ብቻ ያንን ግድግዳ ነቅንቀውት ነበር። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምተው ነጠላ ጫማቸውን አስተካከሉና «ቆይ ልጄ፣ ቆይ» አሏት። «ዕድሜና ጤና ይስጥሽ ብለን ስንመርቅ አብረው አልነበሩም እንዴ? ዛሬ ምን አጣልቷቸው ነው አንዱን ምረጪ የምትይኝ?» ጠያቂዋ ሳቋን ውጣ «ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም፣ እማማ» አለች። «እሱማ ምን መልስ ይኖረዋል!» ብለው ተቆጧት።

ይኼ ሁሉ እንግዲህ ነገሩ የሰው ቤት ሳለ ነው። በኋላ ጥያቄው ተከትሏት እቤቷ ገባ።

አባቷ አጫራች ናቸው። ሰፈሩ «ደወሉ» ይላቸዋል። ከተዘጉ ቢሮዎችና ከፈረሱ ቤቶች የተለቃቀመ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት አዳራሽ ጎልማሳነታቸውን የጨረሱት በመጮህ ነው። ማይክራፎን ሲያቀርቡላቸው «ይኼን ለተቸገረ ስጡት» ይላሉ። እግሯ የወለቀ ወንበር ስትመጣ «ሦስቱን እግር እኛ ሰጥተናል፤ አራተኛውን የሚያገባት ይጨምርላት!» ብለው አዳራሹን በሳቅ አፍርሰው ይሸጧታል። ዕቃው ምንም ይሁን ምን፣ ጉድለቱን አይደብቁም፤ «ባለበት ሁኔታ!» ብለው አስቀድመው ይጮሃሉ፣ ገዢ በኋላ እንዳያማርር። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «የተሸጠ አይመለስም» የሚል ተጽፏል። እቤትም ገብተው አያርፉም። የመጨረሻዋን ቁራሽ ዳቦ በልጆቻቸው መሃል ያጫርታሉ፣ ጢማቸውን ሲላጩ ይዘፍናሉ፣ ተኝተው እንኳ ያወራሉ። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች «እኔ አንድ ባል አላገባሁም፣ ሙሉ ስብሰባ ነው ያገባሁት» ትል ነበር።

ስለ ሚስታቸው ከተነሳ የስፌት መኪናዋ ታሪክ አይቀርም። አንድ ጊዜ ደህና የስፌት መኪና አዳራሹ ገባች፤ የእንጨት ክዳን ያላት፣ እንደ ጠረጴዛ የምታገለግል። ሚስት ይቺን መኪና ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ባል ግን አጫራች ነው፤ አጫራች ለራሱ አይጫረትም፣ የሥራው ሕግ ነው። ስለዚህ እሷ ራሷ መጥታ ከሰው መሃል ቆመች። እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እንደማያውቋት ሆነው፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ፉክክር አስገቧት፤ ለሚስቱ በርካሽ ሰጣት እንዳይባል ዋጋውን ሰማይ አደረሱባት! በመጨረሻ «አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ! ሦስት ጊዜ!» ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱና፣ ለማንኛውም ገዢ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን ወደ እሷ ገልብጠው ዘረጉ፤ ዕቃዎን ይውሰዱ ማለታቸው ነው። ሴትየዋ ስንት ጊዜ አኮረፈቻቸው። መኪናዋ ግን እስከ ዛሬ መስኮቱ ሥር አለች፤ አባትየው ሻያቸውን የሚጠጡት ክዳኗ ላይ ነው።

ታዲያ የዚህ ሰውዬ ድምፅ መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ። ሥራው ነው፣ ጩኸቱ ነው ተባለ። ዝንጅብሉም ማሩም ተሞከረ። አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ «ሁለት ጊዜ» ብለው «ሦስት» ላይ ድምፃቸው ጠፋ፤ ሰዉ ለቀልድ መስሎት ሳቀ። ልጃቸው እያዳፋች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

ሐኪሟ የምታድበሰብስ ሴት አልነበረችም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያው ጠብ ጠብ ይላል። «አባቴ» አለች ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠግታ፣ «ማንቁርትዎ ላይ ያለው ካንሰር ነው። ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ቀዶ ጥገና ነው፤ ማንቁርቱን እናወጣዋለን። እንደዚያ ካደረግን ብዙ ዓመት፣ ምናልባት አስርም ከዚያ በላይም ሊኖሩ ይችላሉ። ድምፅ ግን አይኖርዎትም፤ የሚተነፍሱትም አንገትዎ ላይ በምንከፍተው ቀዳዳ ይሆናል። ሁለተኛው ጨረር ነው። ድምፅዎ ይተርፋል፤ ግን በሽታው አሁን በደረሰበት፣ ጨረሩ ብቻውን ረጅም ጊዜ ያቆይዎታል ብዬ ልዋሽዎ አልችልም።»

«ምን አልሽኝ ልጄ? ጨረታ?»

«ጨረር፣ አባቴ።»

«እኔ እኮ ጨረታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ሳሉ ደግሞ አልቆም አለ። ሐኪሟ ውኃ አቀበለቻቸውና በሚቀጥለው ቀጠሮ ወስነው እንዲመጡ ነገረቻቸው። ልጅየዋ ግድግዳ መሆኑን የለመደው ፊቷ ያን ቀን ጠቀማት፤ እስከ መኪና መሳፈሪያው ድረስ አላለቀሰችም።

ማታውኑ ታላቅ ወንድሟ መጣ። «ወንድምጋሼ» ነው የምትለው፤ አገር የሚያህል ሰው ነው፣ ሦስት ልጅ አለው፣ ነገር ግን አባቱ ፊት ሲቆም አሁንም እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። «ይኼ ምን ምርጫ አለው?» አለ። «መዳን እያለ!»

«አንተ ድምፅህን አሁኑኑ አውጥተህ እዚች ክዳን ላይ አስቀምጥ» አሉት አባቱ፣ «ከዚያ ስለ መዳን እናወራለን።»

ሲወጣ በረንዳ ላይ እህቱን ያዛት። «አንቺ የሰው ዕድሜ ስታማርጪ ትውያለሽ፤ ለገዛ አባትሽ አንዲት ቃል አይወጣሽም?»

ፈርታ ነበር፤ እውነቱ ይኼው ነው። ተቆረጥ ብትላቸው፣ እኔ እንድጦርህ ብለህ አንተነትህን ስጠኝ ማለት መሰላት። ተወው ብትል በገዛ አፏ ገደለቻቸው። በየቤቱ ስትዞር ደግሞ ጥያቄው እሬት እሬት ይላት ጀመር። «አስር ዓመት» ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዎቹም «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» ብለው መልሰው እሷን ይጠይቋታል።

የቀጠሮው ቀን ዋዜማ ከሥራ ስትገባ አባቷ የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀምጠው ሻያቸው ቀዝቅዟል። የከሰዓቱ ፀሐይ መስኮቱን አልፎ ክዳኑ ላይ ተኝቷል።

«ነይ እስቲ፣ ጠያቂዋ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደሚጎተት ቆርቆሮ ነው። «አገሩን ሁሉ ጠይቀሽ እኔን ሳትጠይቂኝ ልትቀሪ ነው?»

«ምን ልጠይቅህ አባዬ?»

«ሰዉን የምትጠይቂውን ነዋ። እኔ በሽተኛ ነኝ፣ አንቺ ጠያቂ ነሽ። በሁለቱም በኩል ይገባኛል።»

ቦርሳዋን እንዳነገተች ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ታብሌቷን አላወጣችም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። «ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም» ብላ ጀመረች፤ ሌላ አጀማመር አታውቅማ! «አንድ ሰው አለ እንበል…»

«ሰውየውን ተይው፣ አውቀዋለሁ።»

«እሺ። ድምፅ የለህም፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። እንደዚያ ሆነህ አስር ዓመት ብትኖር ይሻልሃል ወይስ ከነድምፅህ ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ።»

«ስምንትስ?»

«ስምንት።»

«ሰባት?»

አባትየው ቀና ብለው ተቀመጡ። ዐይናቸው ከሰነበተበት ተመለሰ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! ይኼ እኮ ጨረታ ነው! ቁልቁል የሚወርድ ጨረታ! ሰው ቤት እየገባሽ የምትሠሪው ይኼን ነው? ልጄ አጫራች ሆና እኔ ሳልሰማ!»

«አባዬ፣ እሱ እኮ…»

«አጠራርሽ ግን ሞቷል። እንዲህ አይደለም የሚጠራው» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ከነድምፁ ሰባት ያለ! ስድስት ያለስ አለ? ስድስት እዚህ ጋ! አምስት መስኮቱ ጋ! ምነው ተኛችሁ፣ አራት ያለ!» ድምፃቸው እየተቀደደ፣ እያሳላቸው፣ ደስ ብሏቸው ይጮሃሉ። እሷም ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነበር ከሳቀች! ወዴት እየወረዱ እንደሆነ ልብ አላለችም። «ሦስት!» አሉ። «ሁለት!» ሲሉ ነው ሳቋ የቆመው።

«ሁለትም ቢሆን ከነድምፄ» አሉ፤ አሁን አልጮኹም። ከዚያ ሻያቸውን አዩት። «አንድም ቢሆን።»

ያ መስታወት ፊት ቆማ የገነባችው ግድግዳ ተናደ። ከንፈሯን ነከሰች፣ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ አልሆነም፤ ወሬኛው ፊቷ ሁሉንም ነገር ተናገረ። አባቷ ደግሞ ሰው አንገቱን ሳይነቀንቅ፣ ጣቱን ሳያነሳ፣ ከፊቱ ላይ ዋጋ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አታልቅሺ» አሉ። «ገና አልተሸጠም እኮ። እኔ የተናገርኩት የሻጭ ዋጋ ነው። ሻጭ ዕቃውን ያለ ልኩ ይንቃል፤ ስንጥቁን ያውቃላ! ገዢስ የታለ? መሥሪያ ቤትሽ ያለ ገዢ ነው እንዴ የሚያጫርተው?» ትንሽ ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ለራሴ አልጫረትም፤ ሕጉን ታውቂዋለሽ። እዚህ ቤት ያለሽው አንቺ ነሽ። አንድ አሮጌ አጫራች፣ ድምፅ የሌለው፣ አንገቱ የተበሳ፣ ባለበት ሁኔታ። ስንት ትያለሽ?»

«እኔ እንድመልስ አይፈቀድልኝም፣ አባዬ።»

«እዚህ መሥሪያ ቤት አይደለም።»

እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገችውም። «አስሩንም» አለች። «አስሩንም እፈልጋለሁ። ከዚያ በላይም ካለ እሱንም። ምንም አትሥራልኝ፣ ምንም አትናገረኝ፣ አባዬ፤ ዝም ብለህ ኑርልኝ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ዝም ብለህ። መመለስ ፈለገች፤ የት ተገኝቶ!

አባቷ ብዙ አዩዋት። «አስር ያለች» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ጊዜ።» የቤቱን ጥግ ጥግ ቃኙ፣ ሌላ ተጫራች እንዳለ ሁሉ። «ሁለት ጊዜ።» እዚያ ላይ ቆዩ። ልትጮህባቸው፣ ተው፣ የኔን አትስማ፣ ልትላቸው ፈለገች፤ አላለችም። «ሦስት ጊዜ» ብለው ክዳኑን በመዳፋቸው መቱት። ሻዩ ፈሰሰ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት የሆስፒታሉ ዘበኛ በር ላይ «ጠያቂ ነሽ?» ሲላት «አዎ» ብላ ገባች።

ዳኑ። ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ፤ ቁስሉ ደረቀ፣ ክብደት ጨመሩ፣ በልተው ይተኛሉ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል። እቤት ውስጥ ግን እንዲህ ነው፤ ጠዋት ጢማቸውን ሲላጩ የምላጩ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ እሷ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ፎጣ ይዛ ትቆማለች። ወንድምጋሼ፣ አባቱ የጻፉትን በድምፅ የሚያነብ ስልክ ገዝቶላቸው መጣ፤ ስልኩ በሆነች ወጣት ሴት ድምፅ «ውኃ ስጡኝ» ሲል አባትየው ደንግጠው አጠፉት፣ ሁለተኛም አልነኩት። የአዳራሹ ጓደኞቻቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ደንቆሮ ይመስል ጆሯቸው ሥር ሲጮሁባቸው እሷ «ድምፁ እንጂ ጆሮው አልተቆረጠም!» ብላ ሰዎቹን አስደነገጠቻቸው። ከሄዱ በኋላ አባቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እስኪመሽ እንደዚያው ቀሩ።

ያ ነው እንቅልፍ የነሳት። ለራሳቸው አንድ ዓመት ይበቃኛል ያሉ ሰው፣ ለእሷ ሲሉ አስር ገቡ። ፊቷን አይተው ነው የሸጡት። ግድግዳ ብትሆን ኖሮስ? ያን ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሥራዋን በደንቡ ብትሠራ ኖሮስ? በየቤቱ «ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም» የምትለው ላይ ስትደርስ ምላሷ ይያዛል። ኃላፊው ጠርቶ ምን ሆነሽ ነው አላት፤ ጉንፋን ነው አለችው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ፀሐዩ እንደገና ክዳኑ ላይ ተኝቶ ሳለ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። የአንገታቸው ጨርቅ በትንፋሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል።

«አባዬ፣ ልጠይቅህ?»

እሺ በሚል ዐይን አዩዋት።

«ተቆጭተሃል?» ከዚህ በላይ ልታሳምረው አልቻለችም። «በኔ የተነሳ ነው። እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁህ። የማትፈልገውን ዕድሜ ጫንኩብህ። ንገረኝ፤ አልቀየምም፣ እውነቱን ንገረኝ።»

ፊታቸው ላይ ኀዘን ነበር፣ አልደበቁትም፤ ዕቃ ሲሸጡ ጉድለቱን ደብቀው አያውቁም። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አነሱና ክዳኑን መቱት። አንድ ጊዜ፣ በኃይል፤ የተሸጠ ዕቃ ይመለስልኝ ባይ ሲመጣባቸው እንደሚመቱት። እሷ ዘለለች።

ቀጥለው መዳፋቸውን ገለበጡና ለገዢ እንደሚያደርጉት ወደ እሷ ዘረጉት፤ እንደተዘረጋም ቆየ። ወንበሯን ትንሽ አስጠግታ እጃቸውን ያዘች።